ሊዮንቲና የተባለችው ግልገል

አዴሪቶ ቅዳሜ ጠዋት ዓሣ ሊገዛ ገበያ ሲገባ፣ ዓሣ ሻጯ ኪቴሪያ ገና ከበሩ አየችውና ቢላዋዋን አስቀመጠች።

«ሴኞር አዴሪቶ! ሚስትዎ ዛሬ ጠዋት ከምሽጉ ስር ብቅ ብላ ጠለቀች አሉ። እናቷም አብራት ነበረች።»

«ልብስም አልነበራት» አለች ከጎኗ ሰርዲን የምትሸጠዋ።

«ዝም በይ አንቺ፣ ሰውዬው ይሰማል። ደግሞ ወፍራለች ይላሉ፤ የዶክተሩ ጥበቃ ተስማምቷታል!»

የዓሣ ሻጮቹ ረድፍ በሙሉ ሳቀ። አዴሪቶ አልሳቀም። አንድ ዓሣ በጣቱ አመለከተ፣ መተንፈሻውን ገልጦ ቅላቱን አየ፣ ዓይኑ አለመጎድጎዱን አረጋገጠ፣ ከፍሎ ወጣ። መንገድ ላይ ግን የከረጢቱን እጀታ ጣቶቹ እስኪነጡ ድረስ ጨብጦት ነበር።

የሳዶ ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ሰፊ አፍ ውስጥ የሚኖሩት ዶልፊኖች ጥቂት ስለሆኑ የሴቱባል ከተማ ሁሉንም በስም ያውቃቸዋል። አዲስ ግልገል ሲወለድ ስም የሚያወጣው ቀድሞ አይቶ በወደቡ ሬዲዮ የተናገረ ሰው ነው። ዓሣ አጥማጅ ይሁን የጎታች ጀልባ ካፒቴን ለውጥ የለውም፤ በሬዲዮ የተነገረ ስም አይሻርም። በዚያ ጸደይ የተወለደችውን ግልገል የተናገረው የባሕር ሕይወት አጥኚው ዶክተር ቫልደማር ነበር፤ ስሟንም ሊዮንቲና አላት። በከተማው ሌሎች ሊዮንቲናዎች ይኖሩ ይሆናል፤ በዶክተሩ ጀልባ የምትሳፈረው ግን አንዲት ብቻ ነበረች። እሷም የአዴሪቶ ሚስት ናት።

ይባስ ብሎ ግልገሏን ቀድሞ ያያት አዴሪቶ ራሱ ነበር። ሥራው በኮረብታው ላይ ባለው የመርከብ መቆጣጠሪያ ማማ የፈረቃ አለቃነት ነው፤ በወንዙ አፍ የሚገባና የሚወጣ መርከብ ሁሉ እሱን ሳይጠይቅ አይንቀሳቀስም። የዚያን ቀን ጎህ ሲቀድ በሩቅ ማያው መነጽር ከትልቅ ጀርባ አጠገብ አንድ ትንሽ ጀርባ አየ። አንድ ጊዜ ብቻ የታየ ነገር ግን ለአዴሪቶ ገና እንዳልታየ ነው። ሁለተኛ ብቅ እስክትል ጠበቀ። እሱ እየጠበቀ ሳለ የዶክተሩ ለስላሳ ድምፅ በሬዲዮው መጣ። አዴሪቶ ማየቱን ለማንም አልተናገረም፤ ዘግይቶ «እኔም አይቼ ነበር» የሚል ሰው መሳቂያ እንደሚሆን ያውቃል።

ሊዮንቲና በመሻገሪያው ፌሪ ትኬት ትቆርጣለች። ካለፈው መኸር ወዲህ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃው ሲሸሽ ከዶክተሩ በጎ ፈቃደኞች ጋር እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ገብታ የባሕር ሣር ትተክላለች። ሣሩ ለዓሣ ጫጩት መጠለያ ነው፤ የመርከቦች ሞገድና መልሕቅ ብዙውን ነቅሎት ነበር። አዴሪቶ በሣሩ ላይ ቅሬታ የለውም። ቅሬታው ዶክተሩ በሰጣት የጎማ ቦት ላይ ነበር፤ ልክክ ብሎ ሆኗታል። የእግሯን ቁጥር ማን ነገረው? ባሏ እንኳ ጫማ ሊገዛላት ሲሄድ አሮጌውን ጫማዋን ይዞ ነው የሚሄደው።

ከገበያ በተመለሰበት በዚያ ቅዳሜ ምሳ ላይ ጠየቃት።

«ስሙን ማን መረጠው?»

«የምኑን ስም?»

«እያወቅሽው።»

«ዶክተሩ ናቸዋ! መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ፤ ጠቆምኳቸው፣ እሳቸው በሬዲዮ ተናገሩ።»

«አንቺ ካየሻት አንቺ ነበርሽ ማውጣት ያለብሽ።»

«እኔማ አዴሪቶ ልላት ነበር፤ ሴት ናት አሉኝ» ብላ ሳቀችና ዳቦውን አቀበለችው።

አዴሪቶ ይህን መልስ ሳምንቱን ሙሉ ሲያገላብጠው ከረመ። የአንድ አዲስ የተወለደ ዶልፊን ጾታ ከጀልባ ላይ ሆኖ እንደማይለይ አንብቦ አረጋገጠ። ስለዚህ ወይ ሊዮንቲና ቀልዳበታለች፣ ወይ ዶክተሩ የሚስቱን ስም ለማውጣት ሲል ዋሽቷታል። ሦስተኛ አማራጭ ፈለገ፤ አላገኘም። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻለውም መወሰን አቃተው።

ወዲያው አንድ ደንብ አረቀቀ። በመርከቦች መተላለፊያ ውስጥ የሚቆም ትንሽ ጀልባ ሁሉ አስቀድሞ ማማውን በሬዲዮ ይጠይቃል፤ ለምን እንደሚቆም፣ ስንት ሰው እንደያዘ፣ የእያንዳንዱንም ስም ይናገራል። ደንቡ ጥሩ ደንብ ነበር። በክረምቱ አንድ ጎታች ጀልባ ቆማ የነበረችን የዓሣ ጀልባ ለጥቂት ስቷታል። የወደቡ አዛዥ «እስካሁን እንዴት ሳናስበው ቀረን?» ብለው ፈረሙበት። የጠየቀችው በፈረቃው አብራው የምትሠራው ግራሲየት ብቻ ነበረች።

«አለቃ፣ ስም ለምን አስፈለገ? ቁጥሩ አይበቃም?»

«ሰው ባሕር ላይ ሲጠፋ የሚፈለገው በስሙ ነው።»

ይህ ውሸት አልነበረም፤ ለዚህም ነው አፉ ላይ ያልተሰናከለው።

ያላሰበበት ነገር ከተማው ሬዲዮውን የሚያዳምጥ መሆኑን ነበር፤ ወይም አስቦበት ትቶታል። የወደቡ መስመር በሴቱባል በየወጥ ቤቱ፣ በየቡና ቤቱና በየዓሣ መደርደሪያው ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የዶክተሩ ጀልባ «ፔሮላ» ትጠራና ስሞቹ ይዘረዘራሉ። አንዳንዴ አምስት ሰው፣ አንዳንዴ ሦስት። ሁለት ሲሆን ኪቴሪያ ድምፁን ከፍ ታደርገዋለች። አዴሪቶ ማማው ላይ ሆኖ ስሟን ይሰማል፣ «ተፈቅዷል» ይላል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ መነጽሩን ከዓይኑ ሳያነሳ ይውላል። ደንቡ የሚፈልገውን ሁሉ እየነገረው፣ ባወቀ ቁጥር ቅናቱ ይብስበት ነበር።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ሊዮንቲና ካፖርቷን ለብሳ ከበሩ ቆመች።

«ፓልሜላ፣ እህቴ ጋ ደርሼ እመጣለሁ። ሥራ የለኝም ዛሬ።»

«ሰላም በያት» አላት፤ ደስም አለው። ፓልሜላ ኮረብታ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ባሕር የለባትም።

ማማው ሲደርስ ወንዙ በጉም ተሸፍኖ ነበር። ከመስኮቱ የሚታየው የምሽጉ ሰንደቅ ጫፍ ብቻ ነው። ውሃው እየሞላ ነበር፤ ማዕድን የጫነችው «ኦርላንዳ» የተባለች ትልቅ መርከብም ከሙላቱ ጋር ልትገባ ከውጭ እየተቃረበች ነበር። በመርከቧ ላይ ተሳፍሮ የሚመራት የወደቡ ፓይለት ሆራሲዮ ነው። እንዲህ ያለች ጥልቅ መርከብ የምትገባበት ጠባብ መንገድ መጀመሪያ ላይ ቡይ የሚባል አንድ ቀይ ተንሳፋፊ ምልክት አለ። ከቡዩ በፊት ማማው «ውጭ ቆይ» ካላት ትቆያለች፣ የሚቀጥለውን ሙላት ትጠብቃለች። ካለፈችው ግን መዞሪያ የላትም፤ ሙሉ በሙሉ ብትቆምም መሪዋ መታዘዝ ያቆማል፣ ውሃው አሸዋ ላይ ይጥላታል።

ሬዲዮው ጮኸ።

«ማማ፣ ማማ፣ እዚህ ፔሮላ።»

«ፔሮላ፣ ማማ ነው። ቀጥል።»

«መተላለፊያው ውስጥ ነን፣ ከምሽጉ ፊት ለፊት» አለ ዶክተር ቫልደማር። ድምፁ እንደ ሌላው ጊዜ ለስላሳ አልነበረም። «ግልገሏ በኦክቶፐስ ወጥመድ ገመድ ተጠላልፋለች። እናቷ እንዳትሰምጥ ከስር እየገፋቻት ነው። እየቆረጥን ነው፤ እባካችሁ የሚገባውን መርከብ ከውጭ አቁሙልን።»

«ስንት ሰው ናችሁ?»

«ሁለት።»

«ስም።»

ከዶክተሩ ጀርባ የሴት ድምፅ አንድ ነገር ተናገረ፤ አልተሰማም።

«ቫልደማር ሳራይቫ። ሊዮንቲና ሞይታ።»

ግራሲየት አለቃዋን አየችው፤ ቶሎ ብላም ዓይኗን ወደ ራዳሩ መለሰች።

አዴሪቶ በሥራ ድምፁ «ፔሮላ፣ ከማማው አትታዩም» አለ። «በጉም ጊዜ መርከብ ለማስቆም ሁለተኛ ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ጠብቁ።»

«አለቃ» አለች ግራሲየት፣ «በዚህ ጉም ሁለተኛ ሰው ከየት ይመጣል?»

«መመሪያው ነው።»

«ዓሣ አጥማጁ ኤውዜቢዮ ‹መረብ ተንሳፍፏል› ብሎ ሲጣራ ብቻውን አምነነው አይደል መርከብ ያቆምነው? ያኔም ጉም ነበር።»

አዴሪቶ ፌሪውን ጠርቶ ምሽጉ አካባቢ የሚታየው ነገር እንዳለ ጠየቀ። «እኔ የራሴን አፍንጫ አላየሁም» አለ የፌሪው ካፒቴን። መርከቧን የምታጅበውን ጎታች ጀልባም ጠየቀ፤ ጎታቿ ከኦርላንዳ ኋላ ነበረች፣ የምታየው የኦርላንዳን ኋላ ብቻ ነው። አዴሪቶ ይህን ሁሉ ሲጠይቅ መርከቧ በራዳሩ ላይ ወደ ቀዩ ቡይ ስትጠጋ ያያታል። ማይክሮፎኑ እጁ ላይ ነበር። በጭንቅላቱ ውስጥ ግን መርከብ አልነበረችም። ሐሙስ ጠዋት ወደ ፓልሜላ የሚሄደው አውቶቡስ ከየትኛው ፌርማታ እንደሚነሳ፣ ሊዮንቲናም ከቤት ወጥታ ወደየትኛው አቅጣጫ እንደታጠፈች እያስታወሰ ነበር። ወደ ግራ ነው የታጠፈችው። ወደ ግራ ወደ ጀልባዎቹ ነው።

«ማማ፣ ኦርላንዳ ነኝ» አለ ሆራሲዮ። «ቀዩን ቡይ አለፍኩ። ስሰማችሁ ነበር፤ ወይ ቁም አላልከኝ፣ ወይ እለፍ አላልከኝ። አሁን ወዳጄ፣ ልቁም ብል አሸዋው ላይ አስተኛታለሁ። ፊቴ ያለው ምንድን ነው?»

አዴሪቶ ራሱን አንድ ነገር ጠየቀ፦ የጠራው ኤውዜቢዮ ቢሆን ኖሮ ምን አደርግ ነበር? መልሱን ለማግኘት ጊዜ አልወሰደበትም።

«ሆራሲዮ፣ ፊትህ ፔሮላ አለች፤ ቆማለች፣ ሁለት ሰው ይዛለች። መሪህ እስከታዘዘልህ ድረስ ቀንስ፣ ደቡቡን ጠርዝ ያዝ። ጎታች፣ ከኋላዋ እሰርና ወደ ኋላ ያዝልኝ። ፌሪ፣ ከመድረክህ እንዳትነቃነቅ።»

ሁሉም ተራ በተራ ተቀበሉ። ከዚያ ሌላ ድምፅ መጣ። ማማ ብሎ አልጠራም።

«አዴሪቶ። ቫልደማር እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ እየቆረጠ ነው። እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ስንት ጊዜ አለን?»

«ትንሽ። ሞተሩ ጠፍቷል?»

«ጠፍቷል።»

«ስሚኝ። መርከቧ ትዘገያለች እንጂ አትቆምም፤ በደቡብ በኩል ነው የምታልፈው። እናንተ ወደ ምሽጉ ነው የምትወጡት፣ ወደ ምሽጉ ብቻ። ‹በቃ› ስልሽ ተቆረጠም አልተቆረጠም ሞተር ታስነሺያለሽ።»

«እሱ ከውሃው ካልወጣስ?»

«ጎትተሽ አውጪዋ!»

«ከባድ ነው!»

እንዴት አወቀች? አለ አንድ ነገር በውስጡ፣ በዚያች ሰዓት እንኳ። አዴሪቶ ይህን ሐሳብ ከዚያ በኋላ ባስታወሰው ቁጥር ፊቱን ይሸፍን ነበር።

ሊዮንቲና የሬዲዮውን ቁልፍ ተጭና ረስታዋለች፤ ጀልባው ላይ የሚሆነው ሁሉ ለከተማው ይሰማል። የውሃ መንቦጫረቅ፣ የዶልፊኗ ትንፋሽ፣ የእሷ ጩኸት። «ቫልደማር፣ ቶሎ በል! እሱን ተወው፣ ሌላውን ቁረጥ! አንተ ሰው፣ ስማኝ!» ጸደዩን ሙሉ ቤት ውስጥ «ዶክተሩ» እና «እሳቸው» ስትል የከረመች ሴት ናት። አዴሪቶ በአንድ ዓይኑ የመርከቧን ነጥብ ይከታተላል፤ በጆሮው ደግሞ ያንን «አንተ» ይሰማዋል። ሁለቱም እኩል ይጠጉት ነበር።

ቁልፉ ተለቀቀ። ነጥቦቹ ሊነካኩ ነበር።

«በቃ! ሊዮንቲና፣ በቃ!»

ከጉሙ ውስጥ የኦርላንዳ ጥሩምባ ረጅም ጮኸ። ግራሲየት ቆማ ነበር። ከዚያ በራዳሩ ላይ ትንሿ ነጥብ ከትልቋ ተላቀቀች፤ ወደ ምሽጉ ነበር የምትሄደው።

«ወጥተናል» አለች ሊዮንቲና። «ተቆርጧል። እናቷ ወስዳታለች።» ከዚያ አለቀሰች፤ ከተማውም ሰማ።

ከሰዓት በኋላ ሆራሲዮ መርከቧን አስሮ ሲያበቃ ወደ ማማው ወጣ። ባርኔጣውን አላወለቀም።

«ቡዩን ሳላልፍ ልትነግረኝ ትችል ነበር።»

«እችል ነበር።»

ሆራሲዮ ይህን ሰምቶ ወረደ። የወደቡ አዛዥ ግን ስልክ ደውለው መመሪያውን በትክክል መከተሉን አመስግነውታል። አዴሪቶ «ዘግይቻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ቢላቸውም «ትሕትናህን አውቀዋለሁ» ብለው ዘጉት። ከሆራሲዮ ቁጣ ይልቅ ይህ ምስጋና ከበደው።

ቤት ሲደርስ ቦቱ ከበሩ አጠገብ ጭቃውን እያንጠባጠበ ነበር። ሊዮንቲና ወጥ ቤት ተቀምጣለች፣ ፀጉሯ እንደረጠበ ነው፤ እጆቿ ላይ የገመድ ይሁን የሰው እግር ጭረት አለ። ላለመናገር መንገዱን ሙሉ የማለውን ነገር ገና ሳይቀመጥ ተናገረው።

«ፓልሜላ እንዴት ነበር?»

«እህቴ ሰላም ብላሃለች።»

«ለምን ዋሸሽኝ?»

«ስሜ በየሳምንቱ እንደ ጠፋ ሻንጣ በሬዲዮ ሲጠራ ስለመረረኝ! ፌሪ ላይ ትኬት ስቆርጥ ‹ዛሬስ ከማን ጋር ነሽ?› ይሉኛል። ሐሙስ ነው፣ መተላለፊያው ውስጥ አንቆምም፣ ማንም አይጠይቀንም ብዬ ሄድኩ። ከዚያ ያቺን ምስኪን አየናት። ስሜን አትናገር አልኩት። ‹ደንቡ ነው› ብሎ ተናገረ።»

«አንተ አልሽው።»

«ምን?»

«በሬዲዮ። ‹አንተ› አልሽው።»

«እግሩን ይዤ አብሬው ልሰጥም ስል ‹እርስዎ› ልበለው?»

ሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም ይስቁ ነበር። ሊዮንቲና በፎጣው ፀጉሯን ማድረቅ አቆመች።

«መርከቧ ቡዩን ስታልፍ ታያት ነበር?»

«አያት ነበር።»

«እኔ እዚያ እንዳለሁ እያወቅህ።»

«እያወቅሁ።»

«ምን እያሰብክ ነበር?»

አዴሪቶ የሚቀርበውን ውሸት ፈለገ፤ መመሪያው ነበር፣ ጉሙ ነበር። «አውቶቡሱን» አለ። «የፓልሜላን አውቶቡስ።»

ሊዮንቲና ፎጣውን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ቅናትህን ችዬ ኖሬያለሁ። አንዳንዴም ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽህም። መርከብ ይዘህ ግን መጥተህብኝ አታውቅም ነበር።»

«በመካከላችሁ ነገር አለ?»

«ይህን በጸደይ ጠይቀኸኝ ቢሆን እመልስልህ ነበር። ዛሬ አልመልስም።» ተነስታ ፎጣውን ወንበሩ ላይ ሰቀለችው። «ቅዳሜ ሣር ተከላ አለ። ልሂድ፣ አልሂድ፣ ከማን ጋር ልሂድ፣ አልነግርህም። አንተም በሬዲዮ አትጠይቅም። ከጠየቅህ የምሬን ፓልሜላ እገባለሁ፤ አልመለስም።»

ቀልድ እንዳልሆነ ሁለተኛ ማረጋገጫ አላስፈለገውም።

በማግስቱ አዴሪቶ ደንቡን ለአዛዡ ይዞ ሄደ። ስም የሚለው ይውጣ፣ ቁጥር ይበቃል አለ። ደግሞም ሰው ወይም እንስሳ አደጋ ላይ ነው ብሎ አንድ ድምፅ እንኳ ከጠራ መርከብ ይቁም፣ ማጣራቱ ከዚያ በኋላ ይሁን። አዛዡ «ስሙን ራስህ አይደለህም እንዴ ያስገባኸው?» አሉት። «ተሳስቼ ነው» አለ። ፈረሙበት፤ ምክንያቱን አልጠየቁትም፤ እሱም አላብራራም።

ቅዳሜ ጠዋት ሊዮንቲና እሱ ሳይነሳ ወጥታለች። ቦቱም አልነበረም። ይህ ብቻውን ግን ምንም አይናገርም፤ ተካዮቹ በሁለት ጀልባ ነው የሚሄዱት፣ አንዱ የዶክተሩ፣ ሌላው የበጎ ፈቃደኞቹ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ከማማው መስኮት እስከ አሸዋው ማዶ ድረስ እያንዳንዱ ቡይ ይታያል።

«ማማ፣ ማማ፣ እዚህ ፔሮላ። ከሣሩ ጠርዝ ለመቆም ፈቃድ እንጠይቃለን፤ ውሃው እስኪመለስ።»

«ስንት ሰው ናችሁ?»

«ሁለት።»

ቫልደማር የለመደውን ቀጣይ ጥያቄ፣ ስም የሚለውን፣ እየጠበቀ ነበር። በገበያው ውስጥ ኪቴሪያም እየጠበቀች እንደሆነ አዴሪቶ አልተጠራጠረም። ግራሲየት እስክሪብቶዋን ይዛ አንገቷን ቀና አደረገች። መነጽሩ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል፣ እጁን ቢዘረጋ ይደርስበታል። አንድ ጊዜ ቢያይ ይበቃዋል፤ ለእሱ ሁለት ጊዜ።

«ሁለት ሰው» አለ አዴሪቶ። «ተፈቅዷል።»

ቅናቱ አልበረደም፤ እንዲያውም ስም በሌለበት የባሰ ነበር። እጁን ማይክሮፎኑ ላይ አቆየው። ከውጭ አንዲት የእህል መርከብ እየመጣች ነበር፤ ቀዩ ቡይ ጋ ከመድረሷ ብዙ ቀደም ብሎ ጠራት።

«ሣሩ ጠርዝ ላይ ሁለት ሰው የያዘች ትንሽ ጀልባ አለች» አላት። «ቀስ ብለሽ እለፊ።»